ስላይዱን ተዉት፣ የሰልጣኙን ጥያቄ ያዙ

የመጀመሪያውን ስልጠናዬን ስሰጥ 64 ስላይድ ይዤ ገባሁ። 11ኛው ላይ መብራት ጠፋ። ጀነሬተር የሚያስነሳው ሰው ምሳ ወጥቷል ተባለ። ፕሮጀክተሩ በደንብ እንዲታይ መጋረጃውን ዘግተን ስለነበር ሠላሳ የሚሆን ሰው ድንግዝግዝ ውስጥ ቀረ። እኔም ቆሜ ቀረሁ።

ከኋላ አንድ የግብርና መምህር እጁን አወጣ። «መብራቱ እስኪመጣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ የምሠራው እንሰት ላይ ነው። በፈለግኩ ቁጥር የሚመጡልኝ እነዚያው አምስት አርቲክሎች ናቸው። ምንድነው ችግሩ?»

መጋረጃውን ከፈትን። ማርከር አነሳሁና «በላቲን ፊደል እንዴት ብለህ ነው የምትጽፈው?» አልኩት። ነገረኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ «እኛ ግን መጨረሻው ላይ ሌላ ኢ እንጨምራለን» አለች። ሌላው ሳይንሳዊ ስሙን ጨመረ። ሌላው ደግሞ «ፈረንጆቹ የውሸት ሙዝ ነው የሚሉት» አለ። አራት ስም ወጣ። ሰውየው አንዱን ብቻ ይዞ ነበር ዓመቱን ሙሉ ሲፈልግ የከረመው። መብራቱ ሲመጣ ወደ ስላይዱ እንመለስ ያለ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ 12 ዓመት ሆኖኛል። ይህን የምጽፈው በዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ተመድባችሁ «ለተመራማሪዎች ስልጠና ስጡ» ለተባላችሁ ባልደረቦቼ ነው። ተመራማሪ የሆናችሁም ብታነቡት አይጎዳችሁም። ላይብረሪያን ማለት በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽና «ዝም በሉ» የሚል ሰው ነው ብለው የሚያስቡ መምህራን ዛሬም አሉና።

ከስልጠናው በፊት

ማስታወቂያ ስትለጥፉ «የምርምር ክህሎት ስልጠና» ብላችሁ አታቁሙ። እንደዚያ ከተባለ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «አበል አለው?» ነው። አበል የለውም። ስለዚህ ሰው የሚመጣበት ሌላ ምክንያት ያስፈልጋል።

እኔ መመዝገቢያ ወረቀቴ ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ አደርጋለሁ። አንደኛው፦ የምትሠራበትን ርዕስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ሁለተኛው፦ ሰሞኑን ፈልገህ ያጣኸው ነገር ምንድነው? ሁለተኛዋ ወርቅ ናት። እዚያ ላይ የተጻፈው የስልጠናዬ ይዘት ይሆናል። ባዶ ትቶ የሚመዘገብ ሰው ካለ ደውዬ እጠይቀዋለሁ።

ከ20 ሰው በላይ አልቀበልም። የተለያየ ዲፓርትመንትም አልቀላቅልም። የጤና ሰዎችንና የታሪክ ሰዎችን አንድ ክፍል አስቀምጬ አይቻለሁ፤ ግማሹ ሲሠራ ግማሹ ፌስቡክ ላይ ነው።

ጊዜውን ምረጡ። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ጥሩው ወቅት ፕሮፖዛል ሊጽፍ ሲል ነው። ቴሲስ ማስረከቢያ ሳምንት ላይ ከጠራችሁት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሪፈረንሱን የሚያስተካክልለት ሰው። ለመምህራን ደግሞ ፈተና ታርሞ ካለቀ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ይሻላሉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምራችሁ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ። ከምሳ በኋላ የሚመለሰው ግማሹ ነው።

የመክፈቻ ንግግር የሚያደርግ ኃላፊ ካለ አምስት ደቂቃ እንደተሰጠው አስቀድማችሁ በትህትና ንገሩት። አርባ ደቂቃ የወሰደብኝ አለ።

ኔትወርክ አትመኑ። ሪፈረንስ የሚያደራጀውን ሶፍትዌር፣ የዞቴሮን መጫኛ ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ግቡ። ሃያ ሰው በአንድ ዋይፋይ ሲያወርድ ማየት ያሳዝናል። የምታሳዩዋቸውን ገጾች በፎቶ አስቀምጡ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አትርሱ። ግማሹ ሰልጣኝ የሚመጣው ስልክ ብቻ ይዞ ስለሆነ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አንድ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጧቸው። እንዲያውም ሲነጋገሩ የበለጠ ይማራሉ።

የመጀመሪያው ሰዓት፦ ኮምፒውተር ሳይከፈት

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋለሁ፤ ሆን ብዬ ነው። አብዛኛው ሰው ችግሩ ዳታቤዝ አለማወቅ ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ግን የቃል ችግር ነው።

ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ከፍላችሁ ከሰልጣኞቹ አንዱን ርዕስ ውሰዱ። እኔ የምወደው ምሳሌ «ጫት መቃምና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንቅልፍ» ነው። ሳቅ ያመጣል፣ ሁሉም የሚለው አለው። ዓምዶቹ ጫት፣ እንቅልፍ፣ ተማሪ ናቸው። በየዓምዱ ሥር ሌላ ሰው ያንኑ ነገር ሊጠራበት የሚችለውን ቃል ሁሉ አስሞሏቸው።

የጫት ዓምድ በፍጥነት ይረዝማል። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ አንዳንዱ በኬ እና ኤች ይጀምረዋል፣ አንዳንዱ በሲ እና ኤች፣ የየመን ጥናቶች በኪው። ኬንያውያን «ሚራ» ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙ «ካታ ኤዱሊስ» ነው። ከዚያ ወጥመዱን አሳዩ፦ በሲ እና ኤች የተጻፈውን ብቻውን ብትፈልጉ ስለ ኢንተርኔት ወሬ የተጻፈ ሁሉ ይጎርፍባችኋል፤ በእንግሊዝኛ ቃሉ «ቻት» ነዋ። ቃል ሲመረጥ መሞከር እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አላገኘሁም።

ቀጥሎ ማያያዣዎቹ ይመጣሉ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ባሉ ቃላት መካከል «ኦር» ይገባል፤ ይኸኛው ወይም ያኛው ማለት ነው፣ ውጤቱ ይበዛል። በዓምዶች መካከል «ኤንድ» ይገባል፤ ይኸም ያም መኖር አለበት ማለት ነው፣ ውጤቱ ይጠባል። እያንዳንዱን ዓምድ በቅንፍ ዝጉ። «ኦር»ን በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፤ የጉግል የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ጉግል ስኮላር፣ ትንሹን አይቆጥረውም። ሁለትና ሦስት ቃል አንድ ላይ እንዲመጣ ሲፈለግ የትምህርተ ጥቅስ ምልክት ውስጥ ይገባል። የቃልን መጨረሻ የምትተካው ኮከብ ምልክት (*) የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ በሆነው ፐብሜድ ላይ ትሠራለች፣ ጉግል ስኮላር ላይ አትሠራም። ይኸው ነው፤ ስለ ማያያዣ ከዚህ በላይ አታስተምሩ።

የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከውጭ የመጣ የስልጠና ማኑዋል የማይነግራችሁ ነገር አለ።

የቦታ ስም። ስለ ሀዋሳ የምትሠራ ተማሪ የድሮዎቹን ጥናቶች የምታገኘው የመጀመሪያውን ኤች አውጥታ «አዋሳ» ብላ ስትፈልግ ነው። የአዳማ ሰው ናዝሬትን፣ የቢሾፍቱ ሰው ደብረ ዘይትን፣ የሐረማያ ሰው ዓለማያን መጨመር አለበት። ጅማን አንዱ በአንድ ኤም፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። ጤፍም እንዲሁ ነው፤ ኤፉ አንድም ሁለትም ይሆናል። አንዲት የውሃ ሀብት ተማሪ ስለ ዝዋይ ሐይቅ ምንም የለም ብላ ርዕስ ልትቀይር ነበር። አጻጻፉን በሦስት ዓይነት ስንሞክር ማታ ተቀምጣ የምታነበው በቂ ነገር ይዛ ሄደች።

የአማርኛ ፊደል። በአማርኛ ካታሎግ ለሚፈልጉ የቋንቋ፣ የሕግና የታሪክ ሰዎች ይህችን አትዝለሉ። ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እኔ «ኃይለ ሥላሴ»ን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው አስቆጥራቸዋለሁ። የመጀመሪያው ድምፅ ስድስት መልክ አለው፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሥ ሁለት መልክ አለው። ሁለቱ ቃላት ተለያይተውም ተገጣጥመውም ይጻፋሉ። 24 ይመጣል። ካታሎጉን የሞላው ሰው የቱን እንደመረጠ ማን ያውቃል? ስለዚህ «አልተገኘም» ሲል አትመኑት፤ ፊደል ቀይራችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። የእኛው ላይብረሪ ካታሎግ ራሱ ይህ ችግር አለበት። ይህን ስናገር ትንሽ አፍራለሁ።

አሁን ኮምፒውተሩ ይከፈት

ከጉግል ስኮላር ጀምሩ። «ጉግል አትጠቀሙ» የሚል ላይብረሪያን የሚሰማው የለም፤ ለነገሩ ልክም አይደለም። ይልቅ የማይነኳቸውን ሁለት ሊንኮች አሳዩ። ከእያንዳንዱ ውጤት ሥር «ሳይትድ ባይ» የምትለው፣ ያንን ጽሑፍ በኋላ የጠቀሱትን ታመጣለች። የ2005 አርቲክል በእጃችሁ ካለ በእሷ በኩል ወደ ዘንድሮ መምጣት ትችላላችሁ። «ኦል ቨርዥንስ» የምትለው ደግሞ ያው ጽሑፍ ሌላ ቦታ በነፃ ተቀምጦ እንደሆነ ታሳያለች።

ከዚያ ለታዳጊ አገሮች ጆርናሎችን ወደሚከፍተው ሪሰርች ፎር ላይፍ። እዚህ ላይ ቁጭት አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የጤናውን ክፍል፣ ሂናሪን፣ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በኋላ የእርሻው አጎራ፣ የአካባቢው ኦኤአርኢ፣ የቴክኖሎጂው ኤአርዲአይ እና የሕጉ ጎአሊ ተጨመሩ። አምስቱም አሁን በአንድ በር ይገባሉ። ኢትዮጵያ ያለችው ክፍያ ከማይጠየቁት አገሮች ምድብ ውስጥ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎች በነፃ ተከፍተውልናል። ሆኖም ስንት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፓስዎርዱ የአንድ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል! ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ክልክል ነው፣ እሱ ትክክል ነው። ለተቋሙ ተማሪና መምህር መስጠት ግን ሥራችን ነው። ስልጠናው ላይ መታወቂያ አይታችሁ በእጃቸው ስጧቸው፤ እዚያው ገብተው አንድ አርቲክል ያውርዱ። የጤና ሰዎች ፐብሜድን በዚሁ በር ቢገቡበት ሙሉ ጽሑፉ አብሮ ይከፈትላቸዋል።

የአገር ቤቱን አትርሱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴሲስ ማከማቻ ክፍት ነው። የኢትዮጵያ ጆርናሎች ኦንላይንም አለ። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካን መጽሔቶች የሚሰበስበው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንም አለ። ለታሪክና ለባህል ሰዎች ግን ስክሪኑን ዝጉና ወደ ስድስት ኪሎ ላኳቸው፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ላይብረሪ ያለው በድሮው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወመዘክርም አለ። እዚያ ያለው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የለም። ለመሄድ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፈው መያዝ እንዳለባቸው ንገሯቸው፤ ሳይዙ ሄደው የተመለሱ ብዙ ናቸው።

«ብር ክፈል ሲለኝስ?» የሚል ይነሳል። አንፔይዎል የምትባል ነፃ የብራውዘር ተጨማሪ አለች፤ ሕጋዊ ነፃ ቅጂ ካለ ትጠቁማለች። ካልሆነ ለጸሐፊው ራሱ ኢሜይል መጻፍ ነው። ሰው ይግደረደራል እንጂ አብዛኛው ጸሐፊ ይልካል። ሦስት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ጽሑፍ፣ ለምን።

የሚከፈልባቸውን አርቲክሎች ያለ ፈቃድ በነፃ ስለሚያወጣው ሳይ ሃብ የሚጠይቅም አይጠፋም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ አልሸሸውም። የአሜሪካ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ለአሳታሚው ኤልሰቪየር 15 ሚሊዮን ዶላር እንደፈረደበት እነግራቸዋለሁ። እንደ ላይብረሪያን አላሳይም እላለሁ፤ ከዚያ ሕጋዊዎቹን በሮች ሁሉ ሞክረው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ አልሞከሩም።

ስምና ዓመት

ሪፈረንስ ማደራጃ ሲነሳ እኔ ዞቴሮን አስተምራለሁ። ነፃ ነው፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ከማይክሮሶፍት ወርድ ጋር ይሠራል። በነፃ የሚሰጠው የኦንላይን ቦታ 300 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ፒዲኤፎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ እንዲቀመጡ አስተካክሉላቸው። አለዚያ በወሩ «ሞልቷል» እያሉ ይመጣሉ።

አጫጫኑን ቶሎ እለፉና ስም ላይ ቆዩ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሶፍትዌሩ ግን ይህን አያውቅም። አበበ ከበደ ወልዴ የሚባል ሰው አለ እንበል። አንዱ ጆርናል «ወልዴ አ.» ብሎ አያቱን ስም አድርጎታል። ሌላው «ከበደ አ.» ብሎታል። የአገር ቤቱ መጽሔት «አበበ ከበደ» ብሎ እንዳለ ጽፎታል። በሪፈረንስ ዝርዝራችሁ ውስጥ አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆነ ማለት ነው። ሰልጣኞቹ የራሳቸውን አድቫይዘር ስም ፈልገው ስንት ሆኖ እንደመጣ እንዲያዩ አድርጉ። ሳቁ ሲያልቅ ሁሉም ማስታወሻ ይይዛል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ለምትጠቅሱት ሰው፦ ዞቴሮ ውስጥ ከስሙ ሳጥን ጎን ሁለቱን ሳጥን አንድ የምታደርግ ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ተጭናችሁ ሙሉ ስሙን አንድ ላይ ብትጽፉት አይገለብጠውም። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የተለመደው በራስ ስም መጀመር ነው፤ የሕክምና ጆርናል ላይ ግን ይህን አልቀበልም የሚል አርታኢ ስላለ የመጽሔቱን መመሪያ አስቀድማችሁ እዩ። ለራሳችሁ ስም ደግሞ፦ አንድ አጻጻፍ ምረጡና እስከ ጡረታ አትቀይሩት፤ የተመራማሪዎች መለያ መዝገብ በሆነው ኦርኪድ ላይም ተመዝገቡ። ነፃ ነው፣ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ስማችሁ በየትኛውም መልክ ቢጻፍ ሥራው ወደ እናንተ ይመጣል። በስልጠናው ላይ አምስት ደቂቃ ሰጥቼ እዚያው አስመዘግባለሁ። «ቤት ሄጄ አደርገዋለሁ» ያለ ሰው ሲያደርገው አላየሁም።

ዓመትም እንዲሁ ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ ረቂቁ ላይ የ1999ን የሕዝብ ቆጠራ ከ2007ቱ ጋር አወዳድሮ ሕዝቡ በስምንት ዓመት ውስጥ ምንም አለመጨመሩን «አስገራሚ» ብሎ ጽፎ ነበር። ሁለቱ አንድ ቆጠራ ናቸው፤ አንዱ በእኛ አንዱ በፈረንጅ። ማንም ሊስተው ይችላል፣ አትሳቁበት። የአማርኛ ምንጭ ሲመዘግቡ ዓመቱን እንዳለ ጽፈው ከጎኑ «ዓ.ም.» እንዲሉና ሳይጠነቀቁ ሰባት ወይም ስምንት እንዳይደምሩ አስጠንቅቋቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው፤ ወሩን ሳያዩ መደመር ያሳስታል።

የውሸት ሪፈረንስና የውሸት ጆርናል

ይህ ክፍል ድሮ አልነበረም። አሁን ቻትጂፒቲ ያመጣላቸውን ሪፈረንስ ይዘው «ይህን አርቲክል አውጪልኝ» እያሉ የሚመጡ አሉ። ርዕሱ ያምራል፣ ጆርናሉም ጸሐፊዎቹም በእውነት ያሉ ናቸው፤ ጽሑፉ ግን ተጽፎ አያውቅም። መመርመሪያው ቀላል ነው። ርዕሱን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ፈልጉ። የጽሑፉ መለያ የሆነውን የዲኦአይ ቁጥር በዲኦአይ ድረ ገጽ ላይ ክፈቱ፤ ካልተከፈተ ወይም ወደ ሌላ ጽሑፍ ከወሰዳችሁ ጣሉት። ሰው ፊት አታጋልጡ። እኔ የራሴን ምሳሌ አዘጋጅቼ እገባለሁ።

የተሰረዘ ጽሑፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውና ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል። ዞቴሮ ውስጥ ብትጨምሩት በቀይ ያስጠነቅቃል። አንዴ አሳዩት፤ ይበቃል።

በኢሜይል «ክቡር ፕሮፌሰር፣ በአምስት ቀን እናትማለን» የሚሉትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ለማስተርስ ተማሪ «ክቡር ፕሮፌሰር» ከተባለ ያ ራሱ ምልክት ነው። ጆርናሉን የተጣሩ ነፃ ጆርናሎች ማውጫ በሆነው በዶአጅ ዝርዝር ውስጥ ያጣሩ፣ «ቲንክ ቼክ ሰብሚት» የሚለውን የጥያቄ ዝርዝር ይሙሉ፣ እታተምበታለሁ ያሉበትን መጽሔት ሦስት አርቲክል ያንብቡ። ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል። አንብበው የሚያፍሩበት ነገር ካገኙ መልሱን ራሳቸው ያውቁታል።

ከስልጠናው በኋላ

መጨረሻ ላይ የሚታደለው የግምገማ ቅጽ ለሪፖርት እንጂ ለሌላ አይጠቅምም። ሁሉም «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አድርጎ ወደ ሻይና ሳምቡሳው ይሮጣል። እኔ ሰርተፍኬቱን የዚያን ቀን አልሰጥም። አንድ ሉህ እሰጣቸዋለሁ፤ ቀን፣ የት ፈለግኩ፣ በየትኞቹ ቃላት፣ ስንት ውጤት መጣ፣ ምን ያዝኩ የሚሉ አምስት ዓምዶች አሉት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሞልቶ ያመጣ ሰርተፍኬቱን ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ አጉረመረሙ። ሲስተማቲክ ሪቪው፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በሥርዓት ሰብስቦ የሚገመግም ጥናት፣ የሚሠሩት ግን ይህች ሉህ የግድ የሚጠየቁት ነገር ስለሆነች በኋላ አመስግነውኛል።

ሐሙስ ከሰዓት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከሪፈረንስ ክፍሉ መስኮት አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ። ቀጠሮ የለም፣ የመጣ ይጠይቃል። ሦስት ሰው የሚመጣበት ሳምንት አለ፣ ማንም የማይመጣበትም አለ። የሚጠይቁኝን በአንድ ደብተር እጽፋለሁ፤ ከጥያቄው ጎን በመጨረሻ የሠራውን ቃል በቀይ እጨምራለሁ። የሚቀጥለው ስልጠና ሰሌዳ ላይ የሚወጣው ከዚያ ደብተር ነው። ባለፈው ሐሙስ የእንስሳት እርባታ ተማሪ መጥታ የቦረና ከብት ላይ ስትፈልግ ሁሉም ነገር ኬንያ ሆኖባት ነበር። «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል እንድትጨምር ነገርኳት፤ ውጤቱ ከመጠን በላይ ጠበበ። በእሱ ፋንታ የወረዳዎቹን ስም አስገባን፤ ያቤሎ ላይ ተከፈተላት። ደብተሩ ላይ «ያቤሎ»ን በቀይ ጽፌያለሁ፤ አጻጻፉ በአንድ ኤል ወይስ በሁለት እንደሆነ ግን ገና እየተከራከርን ነው።